ስለ ጥቁርነቴ ካልጻፍኩ አይቀበሉኝ ይሆን?

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤሽንና አብረሽ የላክሻቸውን የአራት ሥዕሎች ፎቶግራፍ በጥሞና ተመልክቻለሁ። በዘጠኝ ዓመትሽ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደመጣሽ፣ አሁን በ23 ዓመትሽ በሥዕል የመጀመሪያ ዲግሪሽን ልትጨርሺ እንደሆነ፣ ለማስተርስ ስታመለክቺም አማካሪ መምህርሽ ስለ ሥዕሎችሽ በምትጽፊው የሥራ መግለጫ ላይ የዘር ማንነትን ጎላ አድርገሽ እንድታወጪ እንደመከረሽ ገልጸሻል። አባትሽ በበኩላቸው «የአሜሪካ ጥቁሮች ጉዳይ እኛን ምን አገባን» ብለውሻል። ስለ ጥቁርነት ካልጻፍሽ ዕድልሽ እንዳይጠብ፣ ከጻፍሽ ደግሞ የሌላውን ሰው ታሪክ እንደራስሽ አድርገሽ እንዳትወስጂ ሰግተሻል።

መግለጫውን ከሥዕሎቹ ጀምሪ እንጂ ከማንነት አትጀምሪ። የላክሽልኝ ረቂቅ ማንነትን በየአንቀጹ ያነሳል፤ አራቱም ሥዕሎች የሚያሳዩትን ሰው ግን፣ ማለትም በዋሽንግተን ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ መስታወት በከበበው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሌሊቱን የሚያነጋውን ሐበሻ ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም። እውነቱን ለመናገር ያ ጽሑፍ የማንም አመልካች ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሎቹ ግን ያንቺ ብቻ ናቸው።

የዘር ማንነት ለጥቁር ሠዓሊ ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ የሚለው ክርክር ካንቺ በፊት ብዙ ተብሎበታል። በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥቁር ሠዓሊዎቹ እነ ሮማር ቤርደንና ኖርማን ሉዊስ ኒው ዮርክ ውስጥ ስፓይራል የተባለውን ቡድን መሥርተው፣ የዜጎች መብት ትግል በተፋፋመበት በዚያ ወቅት የጥቁር ሠዓሊ ድርሻ ምን መሆን እንዳለበት ይወያዩ ነበር። ለጥያቄው አንድ የጋራ መልስ አላገኙለትም፤ በ1965 ባሳዩት የጋራ ዐውደ ርዕይ ግን በጥቁርና በነጭ ቀለም ብቻ ለመወሰን ተስማሙ። ቁርጥ ያለ ምስል የማይሥለው አብስትራክት ሠዓሊ ሉዊስ ያቀረበው ሥራ በጥቁር መደብ ላይ የተደረደሩ ነጭ የብሩሽ ምቶች ቢሆንም፣ ተመልካች የሰልፈኞችን ጉዞ ያይበታል። የዘር ጉዳይ እዚያ ሥዕል ውስጥ የገባው በመግለጫ ሳይሆን በቀለምና በአደራደር ውሳኔ ነው። አንቺም ስለ ሥራሽ ስትጽፊ ይህንን ዓይነት ውሳኔ እንድትፈልጊ እመክርሻለሁ።

ለዚህ የሚሆን ትምህርት ቤት በደጅሽ አለ። ሬድ ላይን ባቡር ይዘሽ ዱፖንት ሰርክል ውረጂና፣ የትኞቹ ለዕይታ እንደቀረቡ አስቀድመሽ አጣርተሽ፣ ፊሊፕስ ኮሌክሽን በተባለው የሥዕል ሙዚየም ያሉትን የጥቁር አሜሪካዊው ሠዓሊ የጄከብ ሎረንስን ሥዕሎች ተመልከቺ። ሎረንስ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ያደረጉትን ታላቅ ፍልሰት በ60 ሥዕሎች ሲተርክ፣ በ1941 ሥራውን ሲያጠናቅቅ እንዳንቺ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። (ግማሾቹ እዚያ፣ ግማሾቹ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ናቸው።) የፈለሱት ወላጆቹ ሲሆኑ፣ እርሱ ታሪኩን በሃርለም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ አጥንቷል። ሲሠራም 60ዎቹን ገበታዎች አንድ ላይ ደርድሮ አንዱን ቀለም በሁሉም ላይ ቀብቶ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ያልፍ ስለነበር፣ የአንዱ ገበታ ቢጫ ከሌላው ቢጫ አይለይም። የወረሰውን ታሪክ የራሱ ያደረገው በጥናትና በእጅ ሥራ ነው።

ጥቁር አሜሪካዊውን ሠዓሊ ከሪ ጄምስ ማርሻልንም ሳላነሳልሽ አላልፍም፤ ሁለተኛው ሥዕልሽ እርሱን አስታውሶኛልና። ማርሻል ከ1980 ጀምሮ የሰዎቹን ገላ ያለማለሳለሻ በጥቁር ቀለም ይሠራል። ያ ጥቁር ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ ከተለያዩ የጥቁር ቀለም ዓይነቶች ይነሳና ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ እየተጨመረበት ይለያያል፤ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ጥላና ብርሃን አለው። አንቺ ደግሞ የሠራተኛውን ፊት በግድግዳው ኮንክሪት ግራጫ ሠርተሽ፣ መታወቂያ ባጁን ብቻ በደማቅ ቢጫ ለይተሽዋል። ያንን ግራጫ ለምን መረጥሽው? መልሱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ብትጽፊው አማካሪሽ የጠየቀሽን አሟልተሻል።

አባትሽን በተመለከተ፣ ስጋታቸውን አላቃልልም፤ ያልኖርሽውን የባርነት ታሪክ የቤተሰብሽ አስመስለሽ ብትጽፊ እኔም እቃወምሻለሁ። ይሁንና «እኛን አይመለከተንም» የሚለውን የሀገራችን ሠዓሊዎች ራሳቸው አልተቀበሉትም። እስክንድር ቦጎሲያን ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ዋሽንግተን በሚገኘው ታሪካዊው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ሚሺጋን ያደገችው ጁሊ ምሕረቱም ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት በመግደሉ ተቃውሞ ስለተነሳባት ስለ ፈርጉሰን ከተማ በሠራችው የ2016 አብስትራክት ሥዕል፣ የተቃውሞውን የዜና ፎቶግራፍ አደብዝዛ ከቀለሙ ሥር አኑራዋለች። ሁለቱም ኢትዮጵያዊነታቸውን መጣል አላስፈለጋቸውም። ያንቺ ሠራተኛም መስታወቱ ውስጥ ሆኖ፣ ለደንበኛው መጀመሪያ የሚታየው እንደ ጥቁር ሰው ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው ከስንት አንዱ ነው። ሥዕልሽ ይህንን ስለያዘ ከማንም የተዋስሽው ነገር የለም።

ርዕሱ ገበያ ያስገኛል ብለሽ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። ሥዕል ገዝተው የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ሰሞን የጥቁር ሰው ምስል ሲሻሙ ቆይተው ፊታቸውን የሚያዞሩበት ጊዜ አለ። የማርሻል አንድ ሥዕል፣ የቺካጎ የሕዝብ ተቋም በ25 ሺህ ዶላር የገዛው፣ በ2018 በጨረታ 21.1 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ ገንዘቡ የሄደው ለሻጩ ተቋም ነው። በአሜሪካ ሕግ ሠዓሊው ከዳግም ሽያጭ ድርሻ የለውም።

ስለዚህ የሚያዋጣሽ ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍኑና የረዳት መምህርነት ሥራ የሚሰጡ ፕሮግራሞችን መምረጥ ነው። የብዙዎቹ ማመልከቻ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሚዘጋ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን መምህራን አሁኑኑ ጠይቂ። በዚህ መሐል ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚገኘው የድሪስከል ማዕከል የአፍሪካ አሜሪካውያን ሠዓሊዎች መዛግብት ስላሉ፣ የሥራም ሆነ የልምምድ ዕድል ካለ ጠይቂያቸው። የተሻሻለውን መግለጫ ስትልኪልኝ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፤ አምስተኛውን ሥዕል ከጀመርሽም ፎቶግራፉን አያይዢልኝ።