ስለ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ለጠየቃችሁኝ

የዋና ኦዲተር ሪፖርት ለምክር ቤት በቀረበ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል። በመንግሥት ሒሳብና በውስጥ ኦዲት የሠራሁ ስለሆንኩ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር አልተወራረደም ሲባል እንሰማለን። ተሰርቋል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አልተሰረቀም ብሎ ለመማልም ማስረጃ የለም። ሠራተኛ ለመስክ ሲወጣ የውሎ አበልና የነዳጅ ገንዘብ በቅድሚያ ይወስዳል፤ ተቋራጭም ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፤ ለክልል ቢሮም የፕሮጀክት ገንዘብ ይላካል። ብሩ ወጥቷል፣ ደረሰኙ ቀርቦ እስኪወራረድ ግን በተሰብሳቢ፣ ማለትም ገና መሰብሰብ ያለበት ሒሳብ ተብሎ፣ ተመዝግቦ ይቆያል። ከዚያ ሠራተኛው ሌላ ቦታ ይቀጠራል፣ ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፣ ፋይሉን የሚያውቀው የሒሳብ ሹም ጡረታ ይወጣል። ከማን እንደሚሰበሰብ መዝገቡ ራሱ የማይናገርለት ተሰብሳቢ አለ። ስለዚህ ሪፖርት ስታነቡ ከጠቅላላው ድምር ይልቅ የተሰብሳቢውን ዕድሜ ፈልጉ። የሦስት ወሩ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ዐሥር ዓመት የሞላው ግን ባለቤት የለውም።

ጥያቄ፦ ‹‹ነቀፌታ የሌለው›› አስተያየት ያገኘ ሚኒስቴር ንጹሕ ነው?

መልስ፦ የሒሳብ መግለጫው የሚታመን ነው፣ ያን ያህል ብቻ። የተገዛው ነገር ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለው የክዋኔ ኦዲት ጉዳይ ነው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ኦዲተሩ ‹‹አስተያየት ለመስጠት አልቻልኩም›› ያለበት ሪፖርት ነው። ብዙ ሰው ቀላል አድርጎ ያልፈዋል፤ በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ማለት እኮ ነው።

ጥያቄ፦ ሰኔ ሲደርስ ግዥ የሚጣደፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ገንዘብ ካስተረፍኩ የሚቀጥለው በጀቴ ይቀነሳል ብሎ የሚሰጋ ኃላፊም አለ። ስለዚህ ወንበር፣ ጎማ፣ ቶነር ይገዛል። መጋዘን ገብታችሁ ብታዩ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ አቧራ የጠጣ ቶነር ታገኛላችሁ፤ የሚሠራበት ማተሚያ ግን ከተወገደ ቆይቷል። በሞዴል 19፣ በዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ሆኗል፤ በሞዴል 22፣ በዕቃ ወጪ ደረሰኝ፣ የወሰደው የለም፤ በመዝገብ ላይ ግን እንከን የማይወጣለት ወጪ ነው!

የባሰው ዕቃው ሳይገባ ሞዴል 19 መቁረጥ ነው። ክፍያው ሰኔ ሳያልቅ እንዲያልፍ የንብረት ክፍሏን ሠራተኛ ‹‹ነገ ይመጣል፣ አንቺ ብቻ ፈርሚ›› ይሏታል። ዕቃው ቢቀር ተጠያቂዋ እሷ ናት፤ በቃል ያዘዛት ሰው ፊርማ የትም የለም። እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ዕቃ ተረከብኩ ብላችሁ አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ ሒሳቡ በኮምፒውተር ሲሠራ ይህ አይቀርም?

መልስ፦ የመደመር ስሕተት ይቀራል። ያለ ሰነድ የገባ ቁጥር ግን በኮምፒውተርም ያለ ሰነድ ነው።

ጥያቄ፦ የውስጥ ኦዲተሩስ የት ሄዶ ነው?

መልስ፦ እዚያው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳዩን ቀድሞ ጽፎታል። ነገር ግን ቢሮውን፣ መኪናውንና ዕድገቱን የሚፈቅድለት ራሱ ኦዲተሩ የሚመረምረው ኃላፊ ነው። በዚህ ሁኔታ ደፍሮ የሚጽፍን ሰው አከብራለሁ።

ጥያቄ፦ ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ ምን ይሆናል?

መልስ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ዋና ኦዲተሩ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎችን ጠርቶ ይጠይቃል። የተለመደው መልስ ‹‹እኔ አዲስ ነኝ፤ ይህ የቀድሞው አመራር ሥራ ነው›› የሚል ነው። የተጠራው ግን ተቋሙ ነው፤ ዕዳውም ከወንበሩ ጋር ይወረሳል። ዋና ኦዲተሩ ራሱ አይከስስም፣ ከሥራም አያሰናብትም። ስለዚህ ርምጃ ካልተወሰደ ያው ግኝት በዓመቱ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አንድ መሥሪያ ቤት ይምረጡ፤ የአምናውንና የዘንድሮውን ግኝት ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ። የተደገመውን ያስምሩበትና ለወረዳዎ የምክር ቤት ተወካይ ‹‹በዚህ ላይ ምን ተደረገ?›› ብለው ይጠይቁ።