ድምጿን በእጥፍ ፍጥነት ስሰማ ተያዝኩ

ሰላም እህቴ፣

አምድሽን ሁሌ አነባለሁ፣ ጽፌልሽ ግን አላውቅም። ዕድሜዬ 36 ነው። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ በሐበሻ ሰዓት ከምሽቱ 5 እስከ ጠዋቱ 1።

እሷን ያገኘኋት በስልክ ነው። ባለፈው ግንቦት ደሴ ላለችው እህቴ ስደውል ሌላ ሰው አነሳው። እህቴ ለካ ስልኳን ጓደኛዋ ቤት ረስታው ሄዳለች። «ነገ ትምህርት ቤት እሰጣታለሁ» አለችኝ ልጅቷ፤ ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው። ከዚያ ምን እንዳወራን አላስታውስም፣ ስዘጋው ግን 50 ደቂቃ አልፏል። በማግስቱ እህቴን ቁጥሯን ለመንኳት። ሳቀችብኝ፣ ከዚያ ልጅቷን አስፈቅዳ ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ነበር። እኔ ሥራ ስገባ እዚያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። እሷ ተነስታ ሻይ ትጥዳለች፣ እኔ ቲኬት የምቆርጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። ቪዲዮም ሞክረናል፣ ግን ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግር «ተወው፣ ድምፅህ ይበቃኛል» ትለኛለች። በአካል ተያይተን አናውቅም።

ኖቬምበር ላይ እዚህ ሰዓት ተቀየረ። ልዩነታችን ከ7 ሰዓት ወደ 8 ሄደ። አሁን እኔ ሥራ ስገባ እሷ ባጃጅ ላይ ናት። ስለዚህ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላላክ ጀመርን። እሷ ረጅም ነው የምትልከው፣ 6 ደቂቃ፣ 9 ደቂቃ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በሁለት እጥፍ ፍጥነት ነው የምሰማው። መኪና እያስገባሁ፣ እያስወጣሁ። አንዳንዴ እስከ መጨረሻው አልደርስም። ከዚያ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ አይዞሽ» ብዬ እልካለሁ።

ከገና በፊት እናቷ ታመው ምርመራ እንዳደረጉ ነገረችኝ። እኔ የሰማሁት «ምርመራ» የሚለውንና «ወጪ» የሚለውን ነው። ወዲያው 200 ዶላር ላክሁ። አልወሰደችውም። ደውላ «ብር ጠይቄሃለሁ?» አለችኝ። «ወጪው አላልሽም?» ስላት ዝም አለች። ከዚያ «ወጪው ምንም አይደለም፣ የፈራሁት ውጤቱን ነው ነበር ያልኩህ። ሰምተኸዋል?» አለች። «አዎ፣ ሰምቼዋለሁ» አልኳት። «እሺ፣ መጨረሻ ላይ ምን አልኩህ?»

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ መልእክቷ 10 ሰከንድ አይሞላም። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» በቃ። እህቴን ብጠይቃት «እሷን አትውቀስ» አለችኝ። እኔ ግን ከልቤ እወዳታለሁ፣ ላገባትም ነው የማስበው። ለፋሲካ ሳልነግራት ትኬት ቆርጬ ድንገት በሯ ላይ ብቆም ይስተካከል ይሆን? ምን ልበላት?

የሌሊቱ ሠራተኛ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ በመደበኛ ፍጥነት። (አትቀየመኝ፣ ሳልናገር ማለፍ አቃተኝ።)

ትኬቱን ለጊዜው ተወው። ሳትነግራት ሄደህ በሯ ላይ ስትቆም ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል፣ እናቷ ታመዋል፣ እሷም ልቧ ቢከፋ እንኳ ሰው ፊት ፈገግ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አላት? ሳትጠይቃት 200 ዶላር ላክህ፣ አሁን ደግሞ ሳትጠይቃት ራስህን ልትልክላት ነው።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ስለ ባጃጁ ነግረኸኛል፣ ስለ ሰዓቱ ነግረኸኛል፣ ስለ ዶላሩም። በዚያ መልእክት መጨረሻ ላይ ያለችህን ግን አልነገርከኝም። ይሄን ሁሉ ስትጽፍልኝ እንኳ ተመልሰህ አልከፈትከውም ማለት ነው? ቴሌግራም ላይ እኮ አለ፣ የትም አልሄደም። ምን ልበላት ብለህ ከእኔ ከመጠየቅህ በፊት እሷ ምን እንዳለችህ ስማ።

ልጅ ሆነን አክስቴ ጅዳ ነበረች፣ በሰው እጅ ካሴት ትልክልን ነበር። የ60 ደቂቃ ካሴት፣ በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ። ካሴቱ የመጣ ቀን አያቴ ቴፑ አጠገብ ትቀመጣለች፣ እኛን «ዝም በሉ!» ትላለች፣ ከዚያ አክስቴ ማውራት ስትጀምር አያቴ ትመልስላታለች። ለካሴቱ! «እህ»፣ «ውይ በሞትኩት»፣ «ኧረ ተይ!» እኛ እንስቅባት ነበር። መልሱን ስትቀዳ ግን ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ነው፤ ስለ ጥርስሽ ያልሽው፣ ስለ እመቤትሽ ያልሽው፣ ያ ያየሽው ሕልም። አንድም አታልፍም። አሁን ሳስበው አያቴ ታውቅበት ነበር።

የእኛ ሰው ሲያዳምጥ ድምፅ ያሰማል። «እህ» አለ፣ «እና?» አለ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» የሚለው አለ (አንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬ ይሄን መጀመሪያ የሰማች ቀን የደነገጥኩ መስሏት ወንበር ልታመጣልኝ ተነስታለች)። በድምፅ መልእክት ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። አንዲት ሴት ለ9 ደቂቃ ስለ እናቷ ስታወራ እህ የሚላት የለም። እስቲ ግድግዳ ይዘህ 9 ደቂቃ አውራ። እሷ ይሄን ለሳምንታት ስታደርገው የቆየችው ከወዲያ ማዶ የሚሰማ ጆሮ አለ ብላ ነው።

ስለ ብሩ አልቆጣህም። ከሀገር ቤት የሚደወልልህ ስልክ ግማሹ «ቸገረን» እንደሚል አውቃለሁ፤ ሌሊት ቆሞ ሠርቶ ለቤተሰብ የሚልክ ሰው ጆሮው ቀድሞ ወደ ወጪው ይሮጣል። ጆሮ ደግሞ ያልመጣለትን ከራሱ ይሞላል። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) ያለውን ድምፅ ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። የሴት ድምፅ መሠረቱ፣ ማለትም ወፍራሙ የታችኛው ክፍሉ፣ ደግሞ 200 አካባቢ ነው። የወንድ ከዚያም ይወርዳል። ማለትም የድምፁ መሠረት በሽቦው አይመጣም ነበር፣ የሚሞላው የሰሚው ጆሮ ነው፣ እኛም ሳይታወቀን «እሷ ናት!» እንላለን። የዛሬው መተግበሪያ ከዚያ ብዙ የተሻለ ድምፅ ያደርሳል፣ የመሙላት ልማዳችን ግን አልጠፋም። አንተ ያልመጣውን ስትሞላ ብር ሞላህበት። ፊቷን አታይም፣ እጇን አትይዝም፣ ያለህ ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጎደለውን ከራስህ ከመሙላት መጠየቅ ነበረብህ። «ወጪው ነው ያስጨነቀሽ ወይስ ውጤቱ?» አንዲት ጥያቄ ናት፣ 200 ዶላርም አታስወጣም።

ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። በእጥፍ ስታስሮጠው ቃሉ ይደርስሃል፣ ዝምታው ግን ግማሽ ይሆናል። የፈራ ሰው የሚፈራውን ነገር ከመጥራቱ በፊት ትንሽ ይቆማል። አንተ ያንን ነው የዘለልከው። ዛሬ ቤትህ ገብተህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ ያን መልእክት እንዳለ ስማው። ከዚያ ከኖቬምበር ጀምሮ ያሉትን ሁሉ። ሁለት ቀንም ይፍጅ።

ስትደውልላት በይቅርታ መዓት አትጀምር። ሠላሳ ጊዜ ይቅርታ ካልካት መጨረሻ ላይ አንተን የምታጽናናው እሷ ትሆናለች። በአጭሩ «ሰምቼዋለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው፤ እያስሮጥኩ፣ ሥራ እየሠራሁ ነበር የምሰማሽ። አሁን ሁሉንም ሰማሁት» በላት፣ ግን በእርግጥ ሰምተህ ከሆነ ብቻ። ሥራ ስለበዛብኝ ነው የምትለዋን አትጨምርባት፣ ታውቀዋለች። ከዚያ እናቷን ጠይቅና አፍህን ዝጋ። እሷ ዝም ስትል «ሃሎ? ትሰሚኛለሽ? ተቋረጠ እንዴ?» እያልክ አታቋርጣት። አስቀድመህ «ዝም ብል እየሰማሁሽ ነው» በላት። «አይዞሽ»ንም ትንሽ አዘግያት። ደግ ቃል ናት፣ ግን ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ስትመጣ እንደ ድስት ክዳን ናት። በእሷ ፋንታ «ከዚያስ?» በላት።

ተቀብላህ ወዲያው 9 ደቂቃ ታወራልኛለች ብለህ አትጠብቅ። ምናልባት ለወር ያህል 10 ሰከንዷን ነው የምታገኘው። ምናልባትም በቃኝ ትልሃለች፣ መብቷ ነው።

አንተስ ምን ነግረሃታል? ደብዳቤህ ላይ እሷ ታወራለች፣ አንተ እሺ ትላለህ። ያቺ ጠባብ ክፍል ሌሊት እንዴት እንደምትበርድ፣ ሰው ሰክሮ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ፣ ቤት ስትገባ ማንም እንደሌለ ታውቃለች? «ዛሬ ደክሞኛል፣ አሁን ብሰማሽ በግማሽ ጆሮ ነው፣ ነገ እሰማሻለሁ» ብትላት የሚከፋት አይመስለኝም። ስለ ጋብቻው ገና ነው፣ መጀመሪያ ተያዩ። ስትሄድም ቀኑን እሷ ትምረጠው።

ሰዓቱን የቀየረው ያንተ ሀገር ነው፣ ደሴ አልተቀየረችም። እሷ አሁንም በዚያው ሰዓት ትነሳለች። አንተ ግን ስልኩን ወደ እሷ የባጃጅ ሰዓት ገፋኸው፣ ከዚያ ጊዜ የላትም ብለህ ወደ ቴሌግራም ዞርክ። አንድ ሰዓት ቀድሞ መደወል እንደሚቻል እንዴት ሳይታይህ ቀረ? ሥራህ በ5 ሰዓት ነው የሚጀምረው። በ4 ሰዓት፣ ካፖርትህን ሳትለብስ፣ ሶፋህ ላይ እንዳለህ ደውል። እዚያ ከጠዋቱ 12 ነው፣ ሻይዋን ጥዳለች።