የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፈረሰኛ ጦር በቀን ምን ያህል ይጓዝ ነበር?

ጥያቄ፦ በፊልም ላይ ፈረሰኞች ቀኑን ሙሉ ሽምጥ ሲጋልቡ እናያለን። እውነት እንዲያ ይጓዙ ነበር? በአንዳንድ የድሮ ሥዕል ላይ ደግሞ ወታደሮቹ ፈረሳቸውን እየሳቡ በእግራቸው ይሄዳሉ። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ቀኑን ሙሉ የጋለበ ፈረሰኛ በማግስቱ እግረኛ ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዘመን ረጅም ጉዞ የሚካሄደው እርምጃና ሶምሶማ እየተፈራረቁ ነበር፤ እርምጃው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሶምሶማው 13 ገደማ። እንዲህ ተጉዞ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ማለፍ ጥሩ ጉዞ ነው። ሽምጡ የሚቆጠበው ለውጊያው የመጨረሻ ጥቂት መቶ ሜትሮች ነበር።

በእግር መሄዱ ለፈረሱ ጀርባ ሲባል ነው። ፈረሱ ሰውየውን ከነትጥቁ፣ ከ100 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ፈረስን ከሰልፍ የሚያስወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥይት ሳይሆን ገጣባ ነው። መነሻው ትንሽ ነገር ነው፦ ከኮርቻው ሥር የተጨማደደ ብርድ ልብስ፣ የተጣበቀ ጭቃ፣ ወደ አንድ ጎን ያመዘነ ጓዝ፣ ወይም የላላ የሆድ ጠፍር። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ከትከሻው ጉብታ ትንሽ ወደ ፊት ይነጠፍና፣ ጠጉሩ ወደ ተኛበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ይሳባል። ወደ ፊት ከተገፋ ጠጉሩ ይገለበጥና ያቆስላል። ጉብታው ላይ ደግሞ ብርድ ልብሱ ከፍ ተደርጎ አየር ማለፊያ ይተውለታል። ጉዞ እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ቆም ተብሎ ጠፍሩ እንደገና ይጠብቃል፤ ሲጫን ሆዱን የነፋ ፈረስ እየሄደ ይከሳልና። ሰፈር ሲደረስ ጠፍሩ ይላላል እንጂ ኮርቻው ወዲያው አይወርድም። በላብ የራሰና የታመቀ ጀርባ በድንገት ሲገለጥ ያብጣል። ጀርባው ሲበርድ ኮርቻው ወርዶ በእጅ ይታሻል። ይህን የሚንቅ የጦር አለቃ ፈረሱን በራሱ እጅ እንደገደለ እንቆጥረዋለን።

ቀለቡም ጉዞውን ይወስናል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) የሰሜኑ ጦር ለአንድ ፈረስ በቀን የመደበው 5.4 ኪሎ እህልና 6.3 ኪሎ ድርቆሽ ነበር። ለ100 ፈረስ እህሉ ብቻ 540 ኪሎ ይሆናል፤ ጋሪው ከኋላ ከቀረ ፈረሱ ሣር ብቻ እየጋጠ ይደክማል።

ጥያቄ፦ የብረት አፎት ጎራዴን ያደንዛል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ስለቱ በተመዘዘና በተመለሰ ቁጥር ከብረቱ ጋር ይፋተጋል፤ በሶምሶማ ጊዜም ውስጡ እየተንገጫገጨ ይበላል። ሉዊስ ኖላን የተባለው የእንግሊዝ ፈረሰኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1853 እንደጻፈው፣ በህንድ አስፈሪ ቁስል ያደርሱ የነበሩት ጎራዴዎች የእንግሊዝ ጦር የጣላቸው አሮጌ የጎራዴ ስለቶች ነበሩ። ልዩነቱ እነዚያ የህንድ ፈረሰኞች እንደ ምላጭ ስለው በእንጨት አፎት ማስቀመጣቸው፣ ለውጊያ ካልሆነም አለመምዘዛቸው ነው።

ጥያቄ፦ ፈረሰኞች ወርደው በጠመንጃ ሲዋጉ ፈረሱን ማን ይይዛል?

መልስ፦ ከአራቱ አንዱ። የራሱንና የሦስት ጓደኞቹን ፈረስ በልጓማቸው ይዞ ከተኩስ ጀርባ፣ ከተዳፋት ሥር ይቆማል። ስለዚህ 100 ፈረሰኛ ሲወርድ የሚተኩሰው 75 ብቻ ነው።