ያ ጩኸት ምንድነው? የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ድሬ፣ ሰላም ሐረር። የዚህን ወር ጥያቄዎች ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ፣ ሳትነጋገሩ አብዛኞቻችሁ ስለ ድምፅ ነው የጠየቃችሁኝ፣ ስለሚጮህ ድምፅ፣ ስለሚበላሽ ድምፅ፣ ሰው ስላልዘፈነው ድምፅ። እኔ ደሞ እዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት አይሆንልኝም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ከባድ የጊታር ሙዚቃ ስሰማ ያደኩ የከዚራ ልጅ ነኝ፣ ስለዚ የማስበውን በግልፅ ነው የምነግራችሁ።

*«የ17 ዓመት ልጅ አለኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ግን ሌት ተቀን ጆሮው ላይ የሚጮህ ነገር ሰክቶ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ነጥቄ ሰማሁት፣ ሰው የሚታረድ ነው የመሰለኝ። ባለፈው ደሞ አንድ ሽማግሌ የፈረንጅ ዘፋኝ ሞተ ብሎ ሁለት ቀን እህል አልቀምስም አለ። ጎረቤቶቼ የሰይጣን ዘፈን ነው ይሉኛል። ልቀማው ወይስ ልተወው?» (ግራ የገባኝ እናት፣ ከሳቢያን)*

እናቴ፣ አንቺ እያልኩ ነው የምመልስልሽ፣ ድሬ ላይ አንቱ ማለት ሰውን ማራቅ እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ አትቀሚው። ብትቀሚው መስማቱን አያቆምም፣ ላንቺ መንገሩን ነው የሚያቆመው።

ልጅሽ ያዘነለት ሽማግሌ ኦዚ ኦዝቦርን ይመስለኛል፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ነው በ76 ዓመቱ ያረፈው። እሱ የዘፈነበት ብላክ ሳባዝ የሚባለው ባንድ ነው ይሄን ሙዚቃ የጀመረው ቢባል ብዙ የሚከራከር የለም፣ እንግሊዝ ውስጥ በርሚንግሃም ከምትባል የፋብሪካ ከተማ የወጡ አራት የድሃ ልጆች ናቸው፣ የመጀመሪያ አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የወጣው። ኦዚ ከመሞቱ 17 ቀን በፊት እዛው በተወለደበት ከተማ ስታዲየም ውስጥ፣ ፓርኪንሰን ስላለበት መቆም አቅቶት ወንበር ላይ ተቀምጦ የመጨረሻውን ኮንሰርት ዘፈነ። እኔም በስልክ አይቼዋለሁ፣ እኔም አልቅሻለሁ፣ ስለዚ የልጅሽ ሀዘን አይግረምሽ፣ እኛ ጥላሁን ሲሞት የሆነውን አስታውሺ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገርሽ። የዚህ ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ልክ በልጅሽ ዕድሜ፣ በ17 ዓመቱ ላሜራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዛው በተቆረጠው እጁ ነው፣ ማለት ለጊታር ሰው አለቀለት ማለት ነው። ልጁ ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ ለበጠበት፣ ቀጫጭን ክር አሰረ፣ ቆይቶም ጣቱን እንዳያመው ክሮቹን ከተለመደው ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል አላላቸው። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይወፍራል፣ ይከብዳል። ያ ከባድ የሚባለው ድምፅ ትልቁ ምንጩ ይሄ ነው፣ የአንድ ሠራተኛ ልጅ ቁስል።

ይሄን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ አባቴ ነው ትዝ ያለኝ። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፣ ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት ውስጥ የነበረው የብረት ድምፅ፣ መዶሻው፣ የመፍጫው ጩኸት፣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ እና ድሬ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች የብረት ከተማ አይደለች እንዴ? ለዛ ነው ይሄ ሙዚቃ ለኔ የሩቅ ሆኖ የማያውቀው።

ስለ ሰይጣኑ ደሞ እውነቱን ልንገርሽ። ስማቸውና ልብሳቸው ጨለማ ነው፣ አልክድሽም። ግን ግጥሙን በአብዛኛው ይጽፍ የነበረው ቤዝ ጊታር ተጫዋቻቸው ካቶሊክ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፣ ጦርነትን የሚረግም ዘፈን አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት አልበም ላይ በእግዚአብሔር ማመን እንደማያሳፍር የሚናገር ዘፈን አለ፣ አንገታቸው ላይ ያደርጉት የነበረውን መስቀልም የኦዚ አባት ነው ከብረት የሠራላቸው። በሌላ በኩል ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሜታል የሚባለው ዘርፍ ውስጥ የነበሩ ጥቂት ልጆች ቤተክርስቲያን አቃጥለዋል፣ ታስረዋልም፣ ይሄም ተደብቆ አይቀርም። ስለዚ «ሄቪ ሜታል» ብለሽ በጅምላ አትፍረጂ፣ ቁጭ ብለሽ ይሄኛው ምን እያለ ነው ብለሽ ጠይቂው፣ ግጥሙን ተርጉምልኝ በይው። ደስ ብሎት ነው የሚተረጉምልሽ፣ ማንም ጠይቆት አያውቅማ!

አንድ ነገር ላይ ግን ካንቺ ጋር ነኝ፣ ጆሮው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) መስማት ችግር የለውም ይላል፣ ድምፁ 90 ከገባ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ማታ ሲተኛ ጆሮው ውስጥ ጭው የሚል ነገር አለ ወይ ብለሽ ጠይቂው፣ አለ ካለ ዛሬውኑ ቮልዩሙን ይቀንስ፣ ቆይቶ ከጠፋ የመስማት አቅም አይመለስም። ይሄን እንደ ቁጣ ሳይሆን እንደ እናት ብትነግሪው ይሰማሻል።

*«ወሪያ፣ ብሉቱዝ ኢርፎን ገዛሁ፣ ድምፁ ግን እንደ ቆርቆሮ ነው። ጓደኛዬ የሽቦው ይሻላል ይለኛል። እውነት ነው?» (ከለገሃሬ)*

አቦ፣ ጓደኛህ ግማሽ እውነት አለው። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው፣ በርካሽ ኢርፎን ላይ ደሞ ጭመቃው ይሰማል፣ በተመሳሳይ ብር የሽቦውን ብትገዛ ብዙ ጊዜ የተሻለ ድምፅ ታገኛለህ፣ ባትሪ የለውም፣ ሰርኪዩት የለውም፣ ብሩ በሙሉ ድምፁ ላይ ነው የሚውለው። እኔ ራሴ እስካሁን በሽቦ ነው የምሰማው። ችግሩ አዳዲስ ስልኮች ላይ የሽቦው መሰኪያ ቀዳዳ እየጠፋ ነው፣ አይፎን እ.ኤ.አ. በ2016 ካነሳው በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት፣ ለኔ ይሄ ለሙዚቃ ሰው የተደረገ በጎ ነገር አይደለም።

ግን ኢርፎኑን ከመውቀስህ በፊት ፋይሉን እየው። ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ዳታ ነው፣ በቴሌግራም ከእጅ እጅ የሚዞረው ኤምፒስሪ ግን 128 ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ማለት ከአስር እጅ ዘጠኙ በላይ ተቆርጦ ወድቋል። ቆራጩ ብልህ ነው፣ ጆሮ ብዙም የማይሰማውን ነው የሚጥለው፣ ለአንድ ድምፅና ለአንድ ክራር ይበቃል። ሄቪ ሙዚቃ ላይ ግን ሲምባሉ (የድራሙ ሳህን)፣ ዲስቶርሽኑ (ሆን ተብሎ የሻከረው የጊታር ድምፅ)፣ ቤዙ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ የሚጣል ነገር ይጠፋና መጀመሪያ የሚሞተው ሲምባሉ ነው፣ ጽስስስ የሚል ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ይሆናል። የቆርቆሮው ድምፅ እሱ ሊሆን ይችላል። አንዱን ዘፈን 320 በሆነ ፋይል ፈልገህ በዛው ኢርፎን ስማው፣ ልዩነት ካላገኘህ እዚሁ ታይዋን ገበያ ሂድና ሌላ ግዛ፣ ግን የራስህን ዘፈን በስልክህ ይዘህ ሂድ፣ ሱቁ ውስጥ ሰክተህ ሳትሰማ ብር እንዳትከፍል። እኔ አንዴ ካርቶኑን አምኜ ከፍዬ ቤት ስደርስ የግራው አይሠራም ነበር፣ ሻጩም አላውቅህም አለኝ፣ ብሩን ለፍቼ ያገኘሁት ስለነበር በጣም ነው ያዘንኩት።

*«ስልኬ ቀን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ባትሪው ዓመት አልሞላውም ሞተ። ምን ላድርግ?» (ከመጋላ)*

የድሬ ሙቀት ነው። አፕል ለምሳሌ ስልኩ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ እንዲሠራ ነው የሚመክረው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ እኛ ከዛ በላይ ነን። ሊቲየም ባትሪን ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ አንድ ላይ ሲያገኙት ቶሎ ያረጃል፣ ስለዚ እስከ 80 ፐርሰንት አካባቢ ቻርጅ አድርገህ ንቀለው፣ ቻርጅ ላይ እያለ ጌም አትጫወት፣ ከሁሉም በላይ ባጃጅ ፊት ለፊት መስታወቱ ስር አታስቀምጠው። ቻርጅ ማታ፣ ነፋስ ሲመጣ።

*«ቲክቶክ ላይ የሆነ ትዝታ ሰምቼ አለቀስኩ። ኮሜንቱን ሳነብ ኤአይ ነው የዘፈነው ይላል። በጣም አፈርኩ። ሞኝ ነኝ?» (ከገንደቆሬ)*

እህቴ፣ አይደለሽም። እንባሽ ያንቺ ነው፣ ያስታወስሽው ሰው እውነተኛ ነው፣ ማሽኑ ቁልፉን ነው የነካው እንጂ በሩ ያንቺ ቤት ነው።

ግን ቁልፉን ከየት አመጣው የሚለው ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። እነዚህ ፕሮግራሞች ከሰው ዘፈን ነው የተማሩት፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ትልልቆቹ የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች ሱኖና ዩዲዮ የሚባሉትን ሁለቱን ዘፈናችንን ሳትጠይቁ ወስዳችሁ አሰልጥናችኋል ብለው ከሰዋቸዋል። ኩባንያ ጠበቃ አለው። የኛ የካሴት ዘመን ዘፋኝ ግን፣ ሰርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያደረው ሰው፣ እሱን ማን ይከራከርለታል? ዓሊ ቢራ እዚሁ ድሬ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ልጆች ጋር ሲጀምር ገና ልጅ ነበር፣ በኦሮምኛ መዝፈን ቀላል ባልነበረበት ጊዜ ነው የዘፈኑት፣ እዛ ድምፅ ውስጥ የምንሰማው ያን ሁሉ ነው። ማሽን ያን ድምፅ መምሰል ይችላል፣ የተከፈለበትን ግን አልከፈለም። እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው፣ ያ ኤአይ ያስታወሰሽ የማን ድምፅ ነው? አስቢና የእውነተኛውን ሰው ዘፈን ዛሬ ማታ ስሚው፣ በራሱ ቻናል ላይ ስሚው፣ ለልጆቹም ቢሆን የሆነ ነገር ይድረሳቸው።

*«ጊታር እየለመድኩ ነው፣ ሜታል መጫወት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹ያ የፈረንጅ ነው፣ የኛ ጆሮ አይቀበለውም› ብለው ያበሽቁኛል። እውነት የኛ ጆሮ አይቀበለውም?» (የጀጎል ልጅ፣ ከሐረር)*

ይሄን ጥያቄ ስንት ዓመት ነው የጠበኩት መሰለህ።

የኛ ጆሮ አይቀበለውም የሚሉህ ሰዎች በገና ሰምተው ያውቃሉ? በገና ላይ በክሩና በመቀመጫው መሀል እንዚራ የሚሏት ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች፣ ክሩ ሲመታ እሷን እየነካ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ያ ዝዝዝ የሚል ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ከሷ ነው የሚመጣው። ብታወጣት በገናው ይጸዳል፣ ግን በገና መሆኑ ይቀራል። ፈረንጆቹ ይሄን በጊታር ያገኙት በቅርብ ነው፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1964 ኪንክስ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት የአምፑን (የጊታር ድምፅ ማጉያውን) ስፒከር በምላጭ ሰነጠቀውና ድምፁ ሲሻክር ዓለም ጉድ አለ፣ ዲስቶርሽን የሚባለው ነገር ሀሳቡ እሱ ነው፣ ንጹህ ድምፅን ሆን ብሎ ማሻከር። በገና ጸሎት ነው፣ ከሜታል ጋር አንድ ነው እያልኩህ አይደለም፣ ቦታውም ክብሩም ሌላ ነው። ጆሮን በተመለከተ ግን የሻከረ፣ የከበደ፣ ቀስ የሚል ድምፅ ልብን እንደሚይዝ የዚህ አገር ሰው ከድሮ ጀምሮ ነው ያወቀው። አንተ ደሞ ሐረር ነው ያለኸው፣ ዚክሪ በሚባለው መንፈሳዊ ዜማ ላይ ከበሮውና እንጨቱ አንድ ላይ እየተመታ ሲደጋገምና ሲከብድ ሰው ምን እንደሚሆን ሰፈርህ ውስጥ አይተሃል።

ደሞ የተሞከረ ነገር ነው። የኛው ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤርታሌ የሚለውን አልበም ሲያወጣ የኛን ቅኝት በሮክ ጊታር ነው የተጫወተው፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት ድምፃዊያን ፊት ለፊት ቆመው። መጀመሪያ የሰማሁት ማታ ከዚራ ዛፉ ስር ከጓደኛዬ ጋር አንዱን ኢርፎን ተካፍለን ነው፣ አልቆ ሲጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን። ቦትስዋና ሂድ ደሞ፣ ቆዳ በቆዳ ለብሰው የከብት እረኛ ኮፍያ አድርገው የሚሄዱ ሜታል ሰሚዎች አሉ፣ ኦቨርትረስትና ስኪንፍሊንት የሚባሉ የራሳቸው ባንዶች አሏቸው፣ ማንም የፈረንጅ ነው ብሎ አላስቆማቸውም።

አሁን ጊታርህን አንሳ። አንቺሆዬ ቅኝትን በወፍራሙ ክር ብቻ እንጫወተው፣ ክሩ ኢ ላይ ተቃኝቶ እንዳለ። ክፍቱን ምታ፣ ከዛ 1ኛ ፍሬት፣ 5ኛ፣ 6ኛ፣ 9ኛ፣ ከዛ 12ኛ ላይ ክፍቱን በላይኛው ድምፅ ታገኘዋለህ። ቀስ ብለህ ውጣ፣ ቀስ ብለህ ውረድ፣ ከሰርግ ቤት የምታውቀው ድምፅ ይመጣልሃል። አሁን ሌላውን ተውና ሦስቱን ብቻ ምታ፣ ክፍቱን፣ 12ኛውን፣ ከዛ 6ኛውን፣ እና 6ኛው ላይ ቆይ፣ እንዲንቀጠቀጥ አድርገው። ያ የሚያስጨንቀው ርቀት እነ ቶኒ አዮሚ የመጀመሪያ አልበማቸውን የከፈቱበት ርቀት ነው፣ እነሱ ከሌላ ኖታ ነው የጀመሩት እንጂ እርምጃው አንድ ነው። አንቺሆዬ ውስጥ ድሮም ነበር።

አምፕ ከሌለህ አትጨነቅ፣ በደረቁ ጊታር ይሠራል፣ መጀመሪያ በጣም በዝግታ ልመደው። ጓደኞችህ በመጡ ጊዜ ምንም ሳትናገር አንቺሆዬውን ተጫወትላቸው፣ ማንጎራጎር ሲጀምሩ ወደ ሦስቱ ኖታ ግባ።