የጥይት ቀልሃ በርካሽ አጥቦ ማድረቅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ ቤት ያገኘኋቸውን ባዶ የጥይት ቀልሃዎች እየቆረጥሁ የጆሮ ጌጥ መሥራት ጀምሬያለሁ። በሎሚ ዘፍዝፌ ሳሳድራቸው ቀላ ይሉብኛል፤ ሲደርቁም ነጠብጣብ ያወጣሉ። ማሽን መግዣ የለኝም። ምን ላድርግ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ልጄ፣ ሎሚው ጥሩ ነው፤ የጎዳሽ ማሳደሩ ነው። የቀልሃ ናስ በአብዛኛው ከመቶ 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ነው። አሲድ ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ እየሟሟ ይወጣና መዳቡ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ቅላቱ ከዚያ ነው። ሞቅ ባለ ውኃ ላይ ሎሚ ጨምቀሽ ከሩብ ሰዓት በፊት አውጪው፤ ከዚያ በሳሙና እጠቢው። በረኪና አታስነኪው፣ ናስ ይበላል።

ከሁሉ በፊት ግን የእያንዳንዱን ቂጥ እዪ። መሐል ላይ ያለችው ክብ ቆብ የመምቻ ጠባሳ ከሌለባት አትቁረጪው፣ እሳትም አታስጠጊው። ይህን ለማንም ፈቅጄ አላውቅም፤ ላንቺም አልፈቅድም። ቀጥሎ ማግኔት አስጠጊበት፤ ከሳበው ናስ አይደለምና ተዪው። የክላሽ ቀልሃ ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ብረት ስለሆነ ድካምሽን ያስቀርልሻል። የድሮው የውጅግራ ቀልሃ ናስ ነው።

ነጠብጣቡን የሚተወው ውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነው። መጨረሻ ላይ በፈላ የዝናብ ውኃ አለቅልቂው፤ ናሱ ራሱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል። አራግፈሽ አፉን ወደ ታች ደፍተሽ ጨርቅ ላይ አስጪው። ምጣድ ላይ አታድርቂ። ለማወልወል በእናንተ አገር የሞላው የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል፦ አድርቀሽ በደቃቁ ከቀጠቀጥሽ በኋላ ከቀልሃው ጋር በከረጢት አድርገሽ ናጪው። በውስጥ የቀረውን እርጥበትም ይመጥጣል። የተተኮሰ ቀልሃ የእርሳስ ብናኝ ስላለው ይህን ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ሥሪ፤ ዕቃውን ከወጥ ቤት ለዪ፣ ሕፃናትንም አርቂ።

ያደረቅሽውን ከከብት በረት አጠገብ አታስቀምጪ። በእንግሊዞች ዘመን ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት የፈረስ ጋጣ ውስጥ የተከማቸ ጥይት ቀልሃው ይሰነጠቅ ነበር፤ ምክንያቱ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥናት ተገለጠ። አሞኒያ ያለበትን የመስታወት መጥረጊያም በዚሁ ምክንያት አታስነኪው።

ጌጡ ሲያልቅ ስስ ሰም ቀቢው፤ ቶሎ አይጠቁርም። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ግን ከብር አድርጊው።