ብርጭቆ ላይ ስም ለመቅረጽ ዋናው ነገር ስቲከሩ ነው

ሰላም እህቴ። ለሰርግ ስጦታ ብርጭቆ ላይ የሙሽሮቹን ስም በስቴንስል፣ ማለትም ፊደሉ ተቆርጦ በወጣለት መሸፈኛ፣ መቅረጽ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። መስታወት በሚያነጣ ክሬም ይሻላል ወይስ በአሲድ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔም አራት ኪሎ ቤቴ ውስጥ ይህንኑ ስለምሠራ የማውቀውን ልንገርሽ።

አሲዱን እርሺው። መስታወት የሚበላው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ሰውነት ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይይዛል። የቀጠነ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ የሚነሳው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ነው፣ ምንም አይልሽም» ብሎ በጠርሙስ የሚሰጥሽ ሰው ቢመጣ በጭራሽ እንዳትቀበዪ። ክሬሙም ቢሆን የፍሎራይድ ጨው አለበት። ጓንት፣ የዓይን መከላከያና የተከፈተ መስኮት ግድ ናቸው። ሕፃናት አይጠጉ። ቆዳሽን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቢና የክሬሙን ዕቃ ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አሁን ወደ ሥራው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ክሬሙ ነው። እኔ ግን ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም ስቴንስል የሚሆነው ስቲከር ላይ ነው እላለሁ።

ስቲከር በማሽን የሚቆርጡ ማስታወቂያ ቤቶች ጋ ስትሄጂ አንድ ነገር አስረግጠሽ ንገሪያቸው፦ ፊደሉ ተልጦ ይውጣ፣ ዙሪያው እንዳለ ይቆይ። እነሱ የለመዱት ተቃራኒውን ነው። ለመኪናም ለሱቅ በርም የሚሠሩት ፊደሉን አስቀርተው ዙሪያውን እየላጡ ነው። በዚያ መንገድ ከሰጡሽ ስሙ ጥርት ብሎ ይቀርና ዙሪያው በሙሉ ይነጣል። ክሬም ደግሞ ሰፊ ቦታ ላይ እኩል አይበላም፤ ዥንጉርጉር ያደርገዋል።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። መ፣ ወ፣ ቀ፣ ዐ ሆዳቸው ዝግ ነው። መቅደስ የሚለውን ስም ብትወስጂ መ እና ቅ መሐል ላይ ትንንሽ ቁራጮች አሏቸው። እነሱ ከወደቁ ፊደሉ ድፍን ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ስቲከሩን በእጅሽ እየላጥሽ አትለጥፊ። የወረቀት ፕላስተር ከላይ ለጥፈሽ ሁሉንም ባንዴ አንሺው፣ ብርጭቆው ላይ አሳርፊው፣ ከዚያ ፕላስተሩን ቀስ ብለሽ አስተኝተሽ ሳቢ። ቁራጮቹ በየቦታቸው ይቀራሉ። በካርቶን ስቴንስል ከሆነ ግን እያንዳንዱን ቁራጭ ከዙሪያው የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ መተው አለብሽ። መልኩን ስለሚያበላሸው እኔ አልወደውም። ፎንቱ ወፈር ያለ ይሁን።

ከመለጠፍሽ በፊት ብርጭቆውን በአልኮል ጥረጊ። ጄል ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ቅሪት ይተዋል። ከለጠፍሽ በኋላ የፊደሎቹን ጠርዝ በጥፍርሽ አንድ በአንድ ተጫኚ። እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቢ። ክሬም በፀጉር ቅጥነት ክፍተት እንኳ ይገባል፤ ከገባ አይመለስም።

የሻይ ብርጭቆ ጎኑ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጥሩ ነው። ብርሌ ሆዱ ክብ ስለሆነ ስቲከሩ ይሸበሸባል፤ ብርሌ ካማረሽ ትንሽ ምስል መርጠሽ የስቲከሩን ዳር ዳር በምላጭ ሰንጥቂው። እሳት የሚችል የፓይሬክስ ዕቃ ላይ ግን ክሬሙ በደንብ አይዝም።

ክሬሙን በደንብ አማስለሽ ወፍራም አድርገሽ ቀቢ። የክሬሙ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ተከተይ። ክረምት ላይ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይዘገያል፣ ስለዚህ ክፍሉ ሞቅ ይበል። ሳትጀምሪ በፊት ጄሪካን ሙሉ ውሃ አዘጋጂ፤ ክሬም ተቀብቶ ውሃ ቢሄድብሽ ጣጣ ነው። የምታጥቢው በፕላስቲክ ሳፋ ላይ ይሁን። የሴራሚክ መታጠቢያሽን ገጽ ይበላዋል።

እንዳጠብሽው «ምንም አልያዘም!» ትያለሽ። እርጥብ እያለ ጽሑፉ አይታይም። ስቲከሩን ሳትነኪ አድርቂው፤ ነጩ ፊደል ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ከሳሳ ስቲከሩ እንዳለ ድገሚው። አንዴ ከተላጠ በኋላ በዚያው ቦታ መልሰሽ ማሳረፍ አትችዪም። ቅርጹ ሁልጊዜ በውጪ በኩል፣ ከንፈር ከሚነካው ዝቅ ብሎ ይሁን። በደንብ ከታጠበ ይጠጣበታል።

ብዛቱን አልጻፍሽም። ለእንግዶች ሁሉ የሚታደል ከሆነ በክሬም አትድከሚ፤ ስቲከሩን አስቆርጪና መስታወት በአሸዋ ግፊት ለሚያነጡ ሰዎች ስጪያቸው። ለሙሽሮቹ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ሁለት ትርፍ ብርጭቆ ግዢና ቤትሽ ሥሪው።