ኦርኪዷን አትጣያት

እህቴ፣ በኦርኪድሽ ቅጠሎች መጋጠሚያ ላይ ያየሽው ጥጥ መሳይ ነጭ ነገር ተባይ ነው፤ ልጣላት ወይ ላልሽው ግን በፍጹም! መጀመሪያ ከሌሎቹ አበቦችሽ አርቂያት። ከዚያ የጆሮ ጥጥ 70 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ ነክረሽ (ጄሉ ሳኒታይዘር አይሆንም) ነጭ ነጩን በሙሉ ጥረጊ፣ የቅጠሉን ጀርባም እንዳትረሺ፣ መደበቂያቸው እሱ ነው። እንቁላሉ ስለሚተርፍ በየሳምንቱ ካልደገምሽው ልፋትሽ ገደል ገባ ማለት ነው።

አሁን ከማስቀመጫዋ አውጫት። ስትጫኚው የሚሟሽሸውን ቡናማ ሥር በንጹሕ መቀስ ቁረጪ፤ ጠንከር ያለውን፣ አረንጓዴም ይሁን ብርማ፣ አትንኪው። ማስቀመጫዋ ውስጥ የነበረውን የድሮውን የዛፍ ቅርፊት ጣይው፣ ተባዩ እዚያም አለ። አዲሱ ማስቀመጫ ከታች ቀዳዳ ይኑረው፣ የምትሞይውም የዛፍ ቅርፊት እንጂ አፈር አይሁን፣ ሥሯ አየር ካላገኘ ይበሰብሳል። የተቆረጠው እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ውኃ አትስጫት።